በሚካኤል ዕለት የተነሣ ዶማ

ልጅ ሳለሁ፣ ከብልባላ ማዶ ባለው መንደራችን፣ ክረምት በገባ ቁጥር አመሻሽ ላይ «አባ» የምንላቸው የአባቴ ታላቅ ወንድም የቄስ ተገኘ ቤት እንሰበሰብ ነበር። የእርጥብ እንጨት ጢስ ዐይናችንን እያስለቀሰን፣ የኩራዙ ብርሃን ግድግዳው ላይ እየተወዛወዘ፣ ተረት ይነግሩናል። ያኔ ዕረፍት የሚነሣኝ የባሕታዊው ተረት ነበር። እስከ ፋሲካ ላይናገር የተሳለ አንድ ባሕታዊ ከዋሻው ሆኖ ቁልቁል ቢያይ፣ ወንዝ ዳር ልብስ ወደሚያጥቡ ሴቶች ደራሽ ውሃ ሲወርድ አየ። አባ እዚህ ላይ ያቆሙና ፍሙን እየቆሰቆሱ «እንግዲህ ምን ያድርግ?» ይሉናል። መልሱን ነግረውን አያውቁም።

አራተኛ ክፍልን በጨረስኩበት ክረምት፣ በነሐሴ ሚካኤል ዋዜማ የወረደ ጎርፍ ሦስት ጎጥ የሚጠጣበትን ምንጭ በደለል ደፈነው። በእኛ አገር በበዓል ቀን ዶማ ያነሣ ሰው በረዶ ያመጣል ይባላል፤ በረዶው ደግሞ የበዓል ሻሪውን ማሳ ብቻ ለይቶ አይመታም። ስለዚህ ወንዶቹ ከቅዳሴ ወጥተው ደለሉን ከበው ቆሙና «ነገ ይደርሳል» አሉ። ሴቶቹ ግን ያንን ጭቃ እየቀዱ ወደ ቤት ይወጡ ነበር። አምና እንዲሁ ሆኖ በውሃው የታመሙ ሁለት ሕፃናት ቀብረናል።

የአባን ጋቢ ጫፍ ይዤ «አባ፣ ባሕታዊው ግን ጮኸ?» አልኳቸው። ለጨዋታ አልነበረም፤ እውነቱን ማወቅ ፈልጌ ነው። ጋቢያቸውን አውልቀው አስያዙኝና ዶማ አስመጡ።

«አባ፣ መስቀሉን ትተው ዶማ ሊያሳልሙን ነው?» አለ አያ በሪሁን፣ ነገረኛው ጎረቤታችን።

«ቅዳሴውን ጨርሻለሁ፤ የቀረኝ ይሄ ነው።»

«ገብሳችንስ?»

«ስለ ገብሱ እኔ እለምናለሁ። አንተ ወይ ቆፍር፣ ወይ መንገድ ልቀቅ!»

አባቴ ብቻ ወረደላቸው። ፀሐይ ሳትጠልቅ ውሃው ጠራ።

በረዶው በአራተኛው ቀን መጣ። በረዶ እንኳ በየክረምቱ ይወርዳል፤ ግን ያኔ ይሄን ማን ይሰማል? የአያ በሪሁንንም፣ የአባንም፣ የእኛንም ገብስ መሬት ላይ አነጠፈው። አያ በሪሁን ከዚያ ወዲያ የአባን መስቀል አልተሳለመም። አባ ከተረፈቻቸው እህል ሰፍረው ላኩለት፤ ጆንያውን እንደታሰረ መለሰው። እኔም አምስተኛ ክፍልን ሳላይ ፍላቂት ከተማ ሰው ቤት ለሥራ ተላክሁ። አባን ምን እንደጠየቅኋቸው ለማንም ሳልናገር አደግሁ።

አሁን ወደ መንደሬ ተመልሼ የሁለት ልጆች እናት ሆኛለሁ፤ አባም አርፈዋል። ፊደል ትለያለች ተብዬ የውሃ ኮሚቴ ውስጥ ገብቻለሁ። ባለፈው በማርያም ዕለት ጎርፍ የምንጩን ቧንቧ ሲሰብረው ሁሉም እኔን እኔን ያየኝ ጀመር። ቤተ ክርስቲያን ስሜ መጣሁና ቆፈርኩ። ሁለት ሴቶች ተከተሉኝ፤ ሌሎቹ ከሩቅ አማተቡ።

አባ በቆፈሩበት በዚያ ክረምት ከመንደራችን ሕፃን አልተቀበረም፤ ይሄን በደንብ አውቃለሁ። በረዶው ለምን እንደመጣ ግን አላውቅም፤ አውቃለሁ የሚለኝንም ሰው አላምነውም። አሁንም በበዓል ቀን በቆፈርኩ ቁጥር ሦስት አራት ቀን እንቅልፍ በዐይኔ አይዞርም። ሰማዩ ሲጠቁር ልጄን አዝዬ ደጅ እወጣለሁ፤ ቆሜ የማየው የራሴን ማሳ አይደለም፣ የእነዚያን ያልቆፈሩትን ነው።