የጣሊያኑ ቤት ቀዝቃዛ ወለል

የቤቴ ማቀዝቀዣ፣ ኤሲው፣ ከተበላሸ ሰነበተ። ጠጋኙ «ነገ» ይለኛል፤ የእሱ ነገ አያልቅም። እዚህ ስደት አገር ቀኑን ሙሉ ታክሲ ስነዳ ውዬ ቻምበርስ ሮድ የሚባል ጎዳና ላይ ወዳለው አፓርታማዬ ስገባ ቤቱ እንደ ምድጃ ግሎ ይቆየኛል። ወለሉ ላይ ብጋደምም ምንጣፉ ራሱ ይሞቃል። ደክሞኛል፣ እናንተዬ! እንዲህ ሲደክመኝ የጣሊያኑ ቤት ትዝ ይለኛል።

ያደግኩት ከረን አጠገብ፣ አንድ ጣሊያን በቅኝ ግዛት ዘመን ባቋቋመው የብርቱካን እርሻ ውስጥ ነው። አባቴ የጣሊያኑ ቤት ዘበኛ ነበር። ምን ዓይነት ቤት መሰላችሁ! ግድግዳው ወፍራም ድንጋይ፣ ጣሪያው ሩቅ፣ ዙሪያውን ባለ ቅስት በረንዳ። ፀሐይ በረንዳው ላይ ትቀራለች እንጂ መስኮቱን አትነካውም። አበባ የተሳለበት የወለሉ ንጣፍ በቀትር እንኳ እግር ያቀዘቅዛል ይባል ነበር። ለእኛ ግን መግባት ክልክል ነው። ጓሮ፣ ቆርቆሮ ክፍል ውስጥ ነበር የምንኖረው።

አንድ በጋ ታናሽ እህቴን ምሕረትን ወባ ጣላት። ኪኒኑን ብትውጥም በዚያ ቆርቆሮ ሥር ትኩሳቱ አልበርድ አለ፤ መቃዠት ጀመረች። ጣሊያኑ አስመራ ሄዶ ነበር። አባቴ ቁልፉን አነሳ።

«ኧረ እንጀራችንን!» አለች እናቴ።

«እንጀራ የትም አይጠፋም» ብሎ ልጅቷን ታቅፎ በዋናው በር ገባ። ሳሎኑ መሀል አንሶላ አንጥፎ አስተኛት፤ የፊትና የኋላውን መስኮት ሲከፍተው ከእርሻው ሥር ከሚያልፈው ወንዝ የሚነሳው ነፋስ የብርቱካን አበባ ሽታ ይዞ ገባ። እኔም አጠገቧ ተቀመጥኩ። ሲነጋጋ ላብ አላባትና ትኩሳቱ ወረደ፣ ተመስገን።

እንደተኛች ግን ጣሊያኑ ከተፍ አለ። በሩ ላይ ቆሞ አያት። ባርኔጣውን አውልቆ፣ እንዳትነቃ በእግሩ ጣቶች እየተራመደ አልፏት ሄደ። ደግ ሰው ነው አልን። በማግስቱ አባቴን አባረረው። ይህ ሰው እስከ ዛሬ አይገባኝም።

አባቴ ከዚያ ወዲያ አስመራ ጆንያ ሲሸከም ኖሮ ጀርባው ጎበጠ። የተባረረበትን ምክንያት ለምሕረት እንዳልነግራት አስምሎኛል። ዛሬ ቅዝቃዜ ቁልፍ በመጫን ይመጣል፤ ያኔ አባቴን ጀርባውን አስከፍሎታል።

ምሕረት አሁን እዚሁ፣ ሎውሪ የሚባል ሰፈር ውስጥ አረጋውያን ትንከባከባለች። ባለፈው እሁድ፣ በታክሲዬ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ፣ «ያንን የመሰለ የብርቱካን እርሻ ለምን ለቀቅን ግን? አባባ እኮ አንድ ቦታ መርጋት አይችልም ነበር» ብላ ሳቀች።

«ሰልችቶት ነዋ» አልኳት። ቀይ መብራት ይዞን ነበር። ሳላስበው እጄን ግንባሯ ላይ አደረግኩት።

«ምን ሆንክ አንተ?» አለችኝ።

ቀዝቃዛ ነበር።