ኮማንዶዎች በአዴ ማሳ

ዕድሜዬን የፈጀሁት የኮማንዶ ዘመቻ በማቀድ ነው። አሁን ጡረታ ወጥቼ አሰላ ስቀመጥ፣ ሰዎች ሥራው ምን ይመስል እንደነበር ይጠይቁኛል። ተኩስና ገመድ ላይ መንጠላጠል ይመስላቸዋል። አብዛኛው ሥራ ግን ከሰው ጋር ቁጭ ብሎ ሻይ መጠጣት ነው። ትንሽ ቡድን ይዘህ የማታውቀው አገር ስትገባ፣ መንገዱንም፣ ውሃውንም፣ ማን ከማን እንደተኳረፈም የሚያውቀው የአገሬው ሰው ነው። እሱን አጋር ካላደረግህ ካርታህን ዳቦ ጠቅልልበት። ወጣት መኮንኖችን ሳስተምር «አጋርህ የሚፈልገውን ሳታውቅ ዕቅድ አትጀምር» እል ነበር። ይህን ያስተማሩኝ አለቆቼ አይደሉም፤ አንዲት የሳጉሬ ገበሬ ናቸው።

ነገሩ ልምምድ ነበር፣ ኅዳር ላይ፣ ከሳጉሬ ወጣ ብሎ። አንዱ ቡድን ኮረብታ ላይ የተተከለ ቀይ ጨርቅ ይጠብቃል፣ የእኔ ቡድን ደግሞ ጀምበር ሳትጠልቅ ጨርቁን መውሰድ አለበት። ማታ ጨርቁ በእጁ የተገኘው ሰው አሸናፊ ነው። የአካባቢውን ገበሬ እርዳታ መለመን ይቻላል፤ ማዘዝም ሆነ መክፈል ክልክል ነው። የተቃራኒውን ቡድን የሚመራው የኮርስ ጓደኛዬ ነበር፤ ጎንደሬ፣ ጨዋታ አዋቂ፣ መሸነፍ ግን እንደ ኮሶ የሚመረው። እኔ ልምምዱ ሳይጀመር ያሸነፍኩ መስሎኝ ነበር። የአሰላ ልጅ ነኛ! ኦሮምኛውን ከሰፈር ልጆች ጋር ስሯሯጥ ነው የለመድኩት።

በዚያ ላይ አዴ ነበሩ። አዴ ማለት በኦሮምኛ እንደ እትዬ ያለ የአክብሮት መጠሪያ ነው። እናቴ ቅቤ የምትገዛው ከሳቸው ስለነበር ከልጅነቴ ያውቁኛል። ማሳቸው ደግሞ ልክ ኮረብታው ሥር ነው። ሄጄ በር ላይ ስቆም ከላይ እስከ ታች አዩኝና «ኢልመኮ፣ ልጄ፣ ወፍረሃል» አሉኝ። ከዚያ ሐሳባቸውን አወሩኝ። ስንዴው ደርሷል፤ ኮምባይነሩ ኢተያ ላይ ተበላሽቶ ቆሟል፤ ልጆቻቸው ከተማ ሥራ ላይ ናቸው፤ ጭላሎ ተራራ ላይ ደግሞ ያለ ወቅቱ ደመና እያንዣበበ ነው። ዝናቡ ከቀደማቸው የዓመት ልፋታቸው ጭቃ ላይ መቅረቱ ነው። እኔም እንደ ጨዋ ሰው አንገቴን ነቀነቅሁና ወደ ጉዳዬ ገባሁ፤ ጠባቂዎቹን አልፌ ጨርቁን እንድወስድ እንዲረዱኝ ለመንኳቸው።

«ስንት ሰው አለህ?» አሉኝ።

«ሃያ።»

«ጠንካሮች ናቸው?»

«አዴ፣ ኮማንዶ እኮ ናቸው።»

«ኮማንዶውን ተወው። ጎንበስ ብለው መዋል ይችላሉ?»

ስለ ደፈጣ የሚጠይቁኝ መስሎኝ ኮራሁ። «ቀኑን ሙሉ» አልኳቸው።

«እንግዲያው ነገ ጠዋት በባሕር ዛፉ በኩል ማሳዬ ጫፍ ድረስ አምጣቸው። የጠባቂዎቹን ነገር ለኔ ተወው።»

በነጋታው ባሕር ዛፉ ሥር ተኝተን ጠበቅን። አዴ እጃቸውን ሲያወዛውዙ ብድግ አልን። ከማሳው ማዶም ጓደኛዬ ሰዎቹን በሙሉ አስከትሎ ብድግ አለ። ለካ ለሱም «በዚህ በኩል ይመጣሉ፣ ወርደህ ጠብቃቸው» ብለውት ኖሯል። ጨርቁን ብቻውን እንዳይተው ጃኬቱ ኪስ ውስጥ ከቶ ነበር የወረደው። በመካከላችን ያለው ደረቱን የነፋ ወርቃማ ስንዴ ብቻ ነው። ልሮጥ እግሬን ሳነሳ አዴ ሲንቄያቸውን ይዘው መሐል ቆሙ።

ሲንቄ የአርሲ ሴት ስትዳር እናቷ የምትሰጣት ቀጭን በትር ናት። እሷን ይዛ በጠበኞች መሐል የቆመችን ሴት አልፎ የሚሄድ የለም። የአርሲና የባሌ ልጆች የሆኑት ወታደሮች ባሉበት ደረቁ። ሌሎቹም እነሱን አይተው ቆሙ። እኔም ቆምኩ፤ ባልፍ እናቴ ቤት አታስገባኝም ነበር።

«ስንዴዬን የሚረግጥ ማነው?» አሉ አዴ። ሁላችንም አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አልን። «ጥሩ። ማጭዱ እዚያ ነው።»

ዘወር ስንል አጥሩ ሥር ማጭድ ተከምሯል፣ ከየጎረቤቱ የተለቃቀመ። ጓደኛዬ አጠገቤ መጥቶ «እኔንም ጎንበስ ብለው መዋል ይችላሉ ወይ ብለውኛል» አለ። ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል ይባል የለ። ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ።

ጃኬታችንን አጥሩ ላይ ሰቅለን አጨዳ ገባን። የገበሬ ልጆቹ እየዘፈኑ ቀደሙን። የከተማ ልጆቹ ያሰሩት ነዶ እጃቸው ላይ እየተፈታ መሳቂያ ሆኑ። ጎረቤቶች በቅቤ የታሸ የገብስ ጭኮና እርጎ ይዘው መጡ። ከሰዓት በኋላ ዳኛችን ኮሎኔል በመኪና ደረሱ፤ ተቆጥተው ወርደው ሲንቄዋን ሲያዩ ኮፍያቸውን አውልቀው ነዶ መሸከም ጀመሩ። የመጨረሻው ነዶ ክምሩ ላይ ሲወጣ ዝናቡ መጣ። የሁለቱንም ቡድን የድንኳን ሸራ ደራርበን አለበስነው። አዴ እጃቸውን ሸራው ሥር ሰደው ዳሰሱ፤ ደረቅ ነው። «አልሐምዱሊላህ» ብለው እዚያው ቁጭ ሲሉ እንባዬ መጣ። በዘመቻ ሥራዬ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ጀምበር ልትጠልቅ ስትል ኮሎኔሉ «ለመሆኑ ጨርቁ የታለ?» አሉ። ጓደኛዬ የጃኬቱን ኪስ ቢበረብር ባዶ ነው። አዴ ወደ ክምሩ ጠቆሙ። የሸራውን ጫፍ ያሰሩት በቀዩ ጨርቅ ነበር።

«አጥር ላይ ተጥሎ አገኘሁት» አሉ።

ኮሎኔሉ አዴ ማሸነፋቸውን አወጁ፣ ሰልፍ አሰልፈውም አስጨበጨቡን።

ከዚያ ወዲህ ኅዳር በመጣ ቁጥር ይደውሉልኛል። ኮምባይነር ቢመጣም ባይመጣም ጥያቄያቸው አንድ ነው። ትናንትም ደወሉ።

«ስንት ሰው አለህ?»

«እኔ ብቻ ነኝ አዴ። ወገቤንም ያመኛል፣ ጎንበስ ማለት አልችልም።»

«ቆመህ ጭኮ ትበላለህ። ና ብቻ።»

ስልኩን ስዘጋ ጓደኛዬ ከጎንደር ደወለ። እሱንም ጠርተውታል፤ አውቶቡስ እየጠበቀ ነው።