በትከሻው የሚያለቅሰው ተዋናይ

ህንዱን ተዋናይ ያመሰገንኩት ሳላየው ነው። አንድ ጊዜ ብቻ ቢሆን ባልከፋ፤ ጋዜጣ ላይ ሰባት ጊዜ አመስግኜዋለሁ። ስሙን እንኳ አስተካክዬ መጥራት አልችልም ነበር። እንዲያም ሆኖ ነቀምት ቁጭ ብዬ የአዲስ አበባን ሰው ፊልም እንዴት እንደሚታይ አስተማርኩት፤ በራሴ ስም ሳይሆን በአለቃዬ ስም።

በጃንሆይ ጊዜ ነው፤ ከጠቅላይ ግዛቱ መሥሪያ ቤቶች በአንዱ ታይፒስት ነበርኩ። ከሚሲዮን ትምህርት ቤት ስምንተኛን እንደጨረስኩ ነበር የገባሁት። አለቃዬ ከሸዋ ተሾመው የመጡ፣ ጢማቸውን በየማለዳው የሚያበጥሩ፣ ኮታቸው ላይ አንዲት ክር የማትገኝባቸው ሰው ነበሩ። ባለቤታቸውና ልጆቻቸው አዲስ አበባ ስለቀሩ ብቸኛ ናቸው። እሑድ እሑድ ከሰዓት በኋላ በማዘጋጃ ቤቱ አዳራሽ የህንድ ፊልም ይታያል፤ አንዱም አያመልጣቸው። ሰኞ ጠዋት ደግሞ እኔ ፊት ቆመው ፊልሙን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ይሠሩታል።

ይሠሩታል ስል ይተርኩታል ማለቴ አይደለም። ኮታቸውን አውልቀው ወንበር ላይ ይሰቅላሉ፤ ለሽፍታውም፣ ለሙሽራዋም፣ ለታመመችው እናትም ድምፅ ያወጣሉ። ተዋናዩ ከፈረስ ሲወድቅ እሳቸውም ጠረጴዛ ተደግፈው ይወድቃሉ። ህንድኛ እሳቸውም አይችሉ፣ እኔም አልችል፤ ስለዚህ በደንብ ተግባባን። ያን ጊዜ የሚመጣብኝን ሳቅ እንዴት እንደማፍነው እኔ ነኝ የማውቀው።

እኔ ሲኒማ ረግጬ አላውቅም። አባቴ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ነበሩ፤ ለእሳቸው ሲኒማ ማለት ሰይጣን መብራት አጥፍቶ የሚሰብክበት ጉባኤ ነው። በኸኒሳ ቀሴ በሚባለው ሰፈር ያለው ቤታችን ውስጥ ሲኒማ የሚል ቃል ከተነሳ እራት ይበላሻል።

አንድ ሰኞ አለቃዬ፣ ጌታዬ ነው የምላቸው፣ የእናቲቱ ሞት ላይ ደረሱ። ተዋናዩ ማልቀስ ነበረበት። እሳቸውም ሊያለቅሱ መጣባቸው፤ ግን የእኔን ፊት አዩና አፈሩ መሰለኝ፣ ድንገት ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ወደ ግድግዳው ዞሩ። ትከሻቸው ብቻ ይንቀጠቀጥ ነበር። እኔም ሳቄ ጠፋ። ቆየት ብለው አፍንጫቸውን ጠርገው፣ «ስለዚህ ሰው ጋዜጣ ላይ መጻፍ አለበት። አንቺ ጀምሪው፣ እኔ አርመዋለሁ» አሉኝ።

እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «ይህ ተዋናይ እንደ ሌሎቹ ፊቱን አጨማዶ እንባውን ለገበያ አያወጣም። ሐዘኑ ሲመጣ ዞር ይላል። የሚያለቅሰው በትከሻው ነው። ፊቱን ስላልሰጠን የቀረውን ልቅሶ የምናለቅስለት እኛው ነን።» አንድም ቃል አላረሙም። ከሥሩ ስማቸውን አስጻፉኝና ላኩት።

ጋዜጣ ያን ጊዜ በአውቶቡስ ነበር የሚመጣው፤ በክረምት መንገድ ላይ፣ አኖ የምትባለው ከተማ፣ ጭቃ ይዞት ያድራል። በሦስተኛው ሳምንት መጣ። ጽሑፉ እንዳለ ወጥቷል፣ የእሳቸውም ስም በደማቁ። ጌታዬ ጋዜጣውን ይዘው ከቢሮ ቢሮ ዞሩ፤ ተላላኪው ሳይቀር ቆሞ አደመጠ። ከትምህርት ቤቱ አንድ ህንዳዊ አስተማሪ ቢሮ ድረስ መጥቶ እጃቸውን በሁለት እጁ ጨበጣቸው። የጋዜጣው ሰዎችም ጨምሩልን ብለው ጻፉ። መዋሸት ለማን ይጠቅማል፤ እኔም ደስ ብሎኛል። ጥጌ ውስጥ ቁጭ ብዬ ሰው የእኔን ቃል በቃሉ ሲደግመው መስማት ይጣፍጣል። በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ እንዲሉ።

ገደሉ በዚያው ክረምት መጣ። አዲስ አበባ ያለ አንድ ሆስፒታል ለነርስ ትምህርት ተቀበለኝ። ሁለት ዓመት ያመለከትኩበት ነገር ነው። የመንግሥት ሠራተኛ በመሆኔ ግን ከመሥሪያ ቤቴ መልቀቂያ ይዤ ከመስቀል በፊት መድረስ አለብኝ፤ አለዚያ ቦታዬ ለሌላ ይሰጣል። መልቀቂያ ማለት አንድ ገጽ ወረቀት፣ አንድ ፊርማ ነው። ፈራሚው ደግሞ ጌታዬ ናቸው።

ደብዳቤውን አሳየኋቸው። አነበቡት፣ አጠፉት፣ መለሱልኝ።

«ነርስ? ሌሊት ሌሊት የሰው ቁስል ልታጥቢ? አንቺ እኮ ብዕር የተሰጠሽ ልጅ ነሽ» አሉ። «ደግሞ ማን ሊጽፍልኝ ነው? የሚመጣው ዓመት ይሁንልሽ።»

ከጎኔ የምትቀመጥ ሌላ ታይፒስት ነበረች። ሦስት ሰዓት ላይ ትገባለች፣ በአንድ ገጽ አሥር ቦታ ትሰርዛለች፣ የቀረውን ጊዜ ጠረጴዛው ሥር ሹራብ ትሠራለች። እሷም በዚያው ሰሞን ወደ አዲስ አበባ ልዛወር ብላ ጠየቀች። በዕለቱ ፈረሙላት። «ትጉህና ታማኝ ሠራተኛ ናት» የሚለውን የድጋፍ ደብዳቤ የተየብኩት እኔ ነኝ፤ ቆሽቴ እርር እያለ፣ ፊደሎቹን እየደበደብኩ። የመንግሥት ቤት ነገር እንዲህ ነው፤ የማትረባዋን ይገላገሏታል፣ የምትረባዋን ይይዟታል። ሰነፍ ሆኜ በተገኘሁ ያልኩት ያን ቀን ነው።

ቤት ገብቼ ለእናቴ ነገርኳት። «ኦብሲ ኢንተላ ኮ» አለችኝ፤ ታገሺ ልጄ ማለቷ ነው። ትዕግሥትማ በሬም አለው፣ ቀንበሩን አላወረደለትም ብዬ መለስኩላትና አኮረፍኳት። አባቴም ሰምተው መጽሐፍ ቅዱሳቸውን ገለጡ። የሹም ነገር ነው፣ ምን ይበሉ።

ነሐሴ ላይ ጌታዬ የሲኒማ ትኬት ሰጡኝ። «በዓይንሽ ብታዪው ደግሞ እንዴት ትጽፊው ነበር» ብለው። የታመመች ጓደኛዬን ልጠይቅ ብዬ ዋሽቼ ሄድኩ። ግድግዳው ሥር፣ ከሁለት የፖሊስ ሚስቶች አጠገብ ተቀመጥኩ፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ግማሹ ንግግር አይሰማም፣ ቢሰማም የሚገባው የለም። እናቲቱ ሞተች። ተዋናዩ ምን ያድርግ? ፊቱን ሙሉ ለሙሉ ወደ እኛ መልሶ፣ አፉን ከፍቶ፣ እንባውና ንፍጡ እስኪደባለቅ አለቀሰ። ዞር አላለም። ትከሻው ንቅንቅ አላለም። እኔ በሰባት ጽሑፍ የካብኩት ሰው እዚያ ሸራ ላይ አልነበረም።

ከፊት ወንበር ጌታዬ ሁለት እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። አንገታቸውን ደፍተዋል፣ ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። ለካ ሳመሰግን የኖርኩት እሳቸውን ነው። እሳቸው ደግሞ ጽሑፉን ሲያነቡ የሚያዩት ህንዱን ነው፣ ራሳቸውን አያውቁም። አሳዘኑኝ። ይኸው ነው የከፋው፤ የሚያሳዝን ሰው ሲይዝህ እንደ ልብህ እንኳ አትጠላውም።

መጥላቱ ቢያቅተኝ ማበላሸቱ አያቅተኝም አልኩ። ስምንተኛውን ጽሑፍ ሆን ብዬ ስድብ አደረግኩት፦ «ይህ ሰው ታስሯል። በየፊልሙ ያችው እናት ትሞታለች፣ እሱም ያንኑ ለቅሶ ያለቅሳል። ስላማረበት የሚለቀው ጠፋ። እኛም እያጨበጨብን በሩን ዘጋንበት።» ይህን ሲያነቡ ይቆጣሉ፣ ሁለተኛ አትጻፊ ይሉኛል፣ ካልጻፍኩ ደግሞ ምን አደርግላቸዋለሁ ብዬ ነበር። ጌታዬ ሁለት ጊዜ አነበቡት። መነጽራቸውን አውልቀው ረጅም ጊዜ አዩኝ። «ይህን ያህል ሰው ገባሽ?» አሉ። ጋዜጣውም ከወትሮው ሰፋ አድርጎ፣ ከላይ አወጣው። ከድጡ ወደ ማጡ ማለት ይህ ነው።

መስከረም ጠባ። የቀረኝ ሁለት ሳምንት ነው።

ቀድሞ ጌታዬ ሳያነቡ ነበር የሚፈርሙት። የፊርማውን ማህደር እገልጥላቸዋለሁ፣ እሳቸው ስልክ እያወሩ ሃያውን ደብዳቤ ፈርመው ይጨርሳሉ። ስለዚህ የራሴን መልቀቂያ ተየብኩና በመንገድ ጥገናውና በቀለም ግዢው ደብዳቤ መካከል ሸጎጥኩት። የረሳሁት ነገር ግን ነበር፤ ጋዜጣ ላይ መውጣት ከጀመሩ ወዲህ ጌታዬ ጸሐፊ ነኝ ብለዋል፣ ጸሐፊ ደግሞ ያነባል። የመንገድ ጥገናውን ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ አነበቡት። «ድልድዩን ውሃ ሲበላው» የምትል ቦታ አገኙና ጥሩ ናት አሉ። ቀጥሎ የእኔ መጣ።

«ይህ ያንቺ ነው?»

«አዎ ጌታዬ።»

ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡት። «'በደንቡ መሠረት ከሥራዬ እንድሰናበት በትሕትና አመለክታለሁ።'» ወረቀቱን በሁለት ጣት ይዘው አራገቡት። አልተቆጡም፤ ተቆጥተው ቢሆን በተሻለኝ። «ይህ ሕይወት የለውም። አንቺን አይመስልም። ልቤን ካልነካኝ በምን ልፈርም? ሂጂና በልብሽ ያለውን ጽፈሽ አምጪ።»

እንግዲህ ይህን የሰማ ሰው ምን ይላል? ልባቸውን ከነካሁ ይፈርማሉ ይላል። እኔም ያንኑ አልኩ።

ሰው ሁሉ ለምሳ ሲወጣ ቀረሁና ጻፍኩ። ለማንም ያልነገርኩትን ነው የጻፍኩት። ታላቅ እህቴ ከአንጋር ወንዝ ማዶ፣ ኪራሙ ነበር የተዳረችው። ከዓመታት በፊት በሐምሌ ምጥ ያዛትና ወደ ነቀምት ሆስፒታል በቃሬዛ አመጧት። አንጋር ወንዝ ሲደርሱ ሞልቶ ነበር። አንድ ዋናተኛ ተሻግሮ መጥቶ ስለነገረን እኔና አባቴ በፈረስ ደረስን፤ ግን እኛ ከወዲህ፣ እሷ ከወዲያ። ሁለት ቀን ውሃው እስኪጎድል ጠበቅን። ስትጮህ እሰማታለሁ፤ ስሜን ስትጠራም ሰምቻለሁ። በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ድምፁ ቆመ። አባቴ «ተኝታ ይሆናል» አሉኝ። እዚያ ማዶ አንዲት ማዋለድ የምታውቅ ሴት ብትኖር ኖሮ ወንዙ ቢሞላም ባልገደደን። ያቺን ሴት መሆን ነው የምፈልገው፣ ይልቀቁኝ ብዬ ጨረስኩ። ያን ስጽፍ ቃል አላማረጥኩም፤ ስለ ህንዱ ስጽፍ ነው ቃል የማማርጠው።

ከሰዓት በኋላ ሰጠኋቸው። ቆመው ማንበብ ጀመሩ፣ ከዚያ ተቀመጡ። ዓይናቸው ውሃ ሞላ። እፎይ አልኩ፤ በሆዴ ሻንጣዬን መዝጋት ጀመርኩ። ደወሉን ነካ አድርገው ተላላኪውን ጠሩና የመዝገብ ቤቱን ሹምና ሁለቱን ጸሐፊዎች አስመጡ። ምስክር የፈለጉ መስሎኝ ነበር።

«ስሙልኝ» አሏቸው። ኮታቸውን አወለቁ።

ከመጀመሪያው ጀመሩ። ለአባቴ ወፍራም ድምፅ አወጡላቸው። ዋናተኛው ሲመጣ እየዋኙ መጡ። ከዚያ እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገው፣ ቀጭን አድርገው፣ ከወንዙ ማዶ ስሜን ጠሩ። እኔ የጠረጴዛውን ጠርዝ ይዤ ቆሜአለሁ። ጸሐፊዎቹ አንገታቸውን ደፉ፤ አንደኛው መሐረብ አወጣ። የመዝገብ ቤቱ ሹም የአገራችን ሰው ናቸው፤ እሳቸው ብቻ የሚያዩት ጌታዬን ሳይሆን እኔን ነበር።

ሲጨርሱ ኮታቸውን መልሰው ለበሱ። «እንዲህ የምትጽፍ ልጅ» አሉ ጌታዬ፣ ድምፃቸው እየተንቀጠቀጠ፣ «እንዲህ የምትጽፍ ልጅ ለማን ትለቀቃለች?» ሁሉም እውነት ነው አሉ።

ቀይ እርሳሳቸውን አነሱ። አለቃ «ይሰናበቱ» ወይም «አይፈቀድም» ብሎ በሚመራበት በደብዳቤው ጠርዝ ላይ «እጅግ የሚያስመሰግን ጽሑፍ» ብለው ጻፉ። ከሥሩ ፈረሙበት፤ ሙሉ ፊርማቸውን፣ ክረምቱን ሙሉ የለመንኩትን። ከዚያ ወረቀቱን ለመዝገብ ቤቱ ሹም አቀበሉ። እሳቸውም ቁጥር ሰጥተው፣ ማኅተም መትተው ፋይል ውስጥ አስገቡት። እኔም ወደ ጽሕፈት መኪናዬ ተመልሼ ወረቀት አስገባሁ፤ ጌታዬ ለመስቀል ጋዜጣ ስለ ህንዱ አንድ ነገር ይፈልጉ ነበር።