ክቡ ውስጥ የጻፍኩት ፊደል

ሐሙስ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ሱሉልታ በሚገኝ አንድ የወተት ኅብረት ሥራ ማኅበር በዳታቤዝ ነዳፊነት ሥራ ጀመርኩ። የተሰጠኝ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ላፕቶፕና አንድ ቁም ሣጥን የወተት መረከቢያ ደብተር ነው።

ደብተሩ ወደ ኮምፒውተር ከመግባቱ በፊት ማን ከምን ጋር እንደሚገናኝ በሥዕል ይቀመጣል። ላም የአቅራቢ ናት፤ ርክክብ በአቅራቢና በጣቢያ መካከል ነው። ተራው ሥዕል «ሰው» ብሎ ያበቃል። የተስፋፋው ሥዕል ግን «ሰው»ን ከላይ አስቀምጦ ከሥሩ «አቅራቢ» እና «ሠራተኛ» ብሎ ይከፍለዋል። መክፈያው ላይ ትንሽ ክብ አለች፤ ውስጧ አንድ ፊደል ይጻፋል። «ዲ» ከተጻፈ አንድ ሰው ከሁለቱ አንዱን ብቻ ይሆናል። «ኦ» ከተጻፈ ሁለቱንም መሆን ይችላል።

ሥራ አስኪያጁን ኦቦ ደሜን፣ ሠራተኛ ሆኖ ወተት የሚያቀርብ ሰው እንዳለ ጠየቅኋቸው።

«በደንባችን ክልክል ነው» አሉኝ።

«ዲ» ጻፍኩ።

የሠራሁት ሥርዓት ሁለት ዓመት ያለ እንከን ሠራ። ርክክብ በስልክ ስለሚመዘገብ ደብተሩም ቀረ። ደብተሩ ይቅር ብዬ ሐሳብ ያቀረብኩት እኔ ነበርኩ።

ከዚያ አንድ እሑድ የሠራተኞችን መዝገብ አስገባሁ። ስሙ በሁለቱም በኩል የተገኘን ሰው ሥርዓቱ ሠራተኛ ብቻ አደረገው። አቅራቢ ያጣውን ርክክብ ደግሞ እኔው የጻፍኩት ማጽጃ ፕሮግራም ሰረዘው። አላየሁም።

ከሁለት ቀን በኋላ፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ የጊደር ድልድል ዝርዝር ተለጠፈ። ማኅበሩ ሃያ እርጉዝ ጊደሮችን ብዙ ወር ላቀረቡ አባላት በቅደም ተከተል ይሰጣል። ቅሬታ የሚቀርበው እስከ ዓርብ ነው።

አዴ ጫልቱ ነጭ ጋውናቸውን እንደለበሱ፣ የወተት መመርመሪያውን ላክቶሜትር በእጃቸው ይዘው ገቡ። በር ላይ ወተት የሚመረምሩት እሳቸው ናቸው።

«አካም ቡልቴ፣ ልጄ። ስሜ ዝርዝሩ ላይ የለም። ወተቱን የማመጣው እኔ፣ የምመረምረውም እኔ። ይሄ ኮምፒውተርሽ የትኛዋን ጫልቱ ነው የጣለው?»

«እርስዎ ሠራተኛ አይደሉም እንዴ?»

«ሠራተኛ ላም አያልብም ያለሽ ማነው? ያለችኝ አንዲት ላም አርጅታለች። ይቺ ጊደር ካለፈችኝ በቃ፣ ወተት የለም።»

ኦቦ ደሜ ዘንድ ይዣቸው ሄድኩ። ሥራ አስኪያጁ አንገታቸውን ደፉ።

«ደንቡስ ክልክል ይላል። መርማሪ ስናጣ ግን ከአቅራቢዎቹ መርጠን የቀጠርናት እኛው ነን።»

«ለምን አልነገሩኝም?»

«የጠየቅሽኝ ስለ አሠራሩ መሆኑን በምን ልወቅ? ስለ ደንቡ መስሎኝ ነዋ!»

ላፕቶፑን ከፍቼ መዝገባቸውን ፈለግሁ። የአዴ ጫልቱ ርክክብ፦ ዜሮ። መጠባበቂያ ቅጂው ያለበት ዲስክ ቡራዩ ቤቴ ነው። በአዲስ አበባ በኩል ሦስት ታክሲ ቀይሬ ሄድኩ። መንገዱ ተዘግቶ በቆምን ቁጥር ቅጂውን መቼ እንደወሰድኩ ለማስታወስ እሞክራለሁ።

ዲስኩን ስከፍት አየሁት። ከማጽጃው በፊት የተወሰደው የመጨረሻ ቅጂ አራት ወር አልፎታል።

ረቡዕ ክቡ ውስጥ ያለውን ፊደል ወደ «ኦ» ቀየርኩ፣ ሰንጠረዦቹን ለየሁ፣ የተገኘውን መለስኩ። የአራቱ ወር ርክክብ የትም የለም። አዴ ጫልቱ ሁለት ጎረቤት ምስክር ይዘው መጡ።

ኦቦ ደሜ አልተቀበሉም። «ዛሬ በምስክር ከተቀበልን ነገ አባሉ ሁሉ ምስክር ይዞ ይሰለፋል። የተመዘገበው ይቆጠራል።»

አዴ ጫልቱ ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺስ ምን ትያለሽ?»

«ስህተቱ የእኔ ነው» አልኳቸው። ጽፌም ቅሬታ ለሚያየው ኮሚቴ አስገባሁ።

ከዚያ ወዲህ ክቡ ውስጥ ፊደል ከመጻፌ በፊት ሁለት ሰው እጠይቃለሁ፤ ደንቡን የያዘውንና በር ላይ የሚሠራውን። ማጽጃ የማስኬደውም በዚያው ቀን ቅጂ ወስጄ ነው።

የዚያን ሳምንት ዓርብ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ የጸደቀው ዝርዝር ተለጠፈ። አዴ ጫልቱ አራቱ ወር ሳይቆጠርላቸው ሃያ ሦስተኛ ናቸው።