ኮፒ ለስብሰባ ክፍሉ የመረጠው ቴሌቪዥን

«ኮፒ» የሚለውን ስም ያወጡለት የድርጅቱ ሾፌሮች ናቸው። ወላጆቹ ያወጡለትን ስም ዛሬ የምታስታውሰው ደመወዝ የምትሠራው ልጅ ብቻ ሳትሆን አትቀርም፤ እሷም ወር ሲደርስ ነው። ሰውየው ማባዣ ክፍል ሠርቶ አያውቅም። የሚቀዳው ሰው ነው። የሥራ አስኪያጁን ሳል፣ የጥበቃውን አረማመድ፣ የሒሳብ ሹሙ ስልክ ሲያነሳ በአፍንጫው የሚያወጣትን «አቤት» አንድ ጊዜ ካየና ከሰማ በቃ፤ ከዚያ በኋላ ባለቤቱ ራሱ እንደሱ አሳምሮ አያደርገውም።

በሥራው የጠቅላላ አገልግሎት ኃላፊ ነው። ማዕረጉ ሲሰሙት ያስፈራል እንጂ አምፖል ሲቃጠል፣ ቧንቧ ሲያንጠባጥብ፣ የወንበር እግር ሲወልቅ የሚጠራ ሰው ማለት ነው። ነገር ሲበላሽ ብቻ የሚፈለግ ሰው ደግሞ ፊቱ ራሱ የብልሽት ምልክት ይሆናል። ኮፒ ይህ ገብቶታል። ስለዚህ የትም ክፍል ሲገባ ከመፍቻው በፊት ቀልዱን ያስቀድማል፤ ሰውም ገና ከበሩ ሲያየው ጥርሱን ይገልጣል። የሚኖረው በሰው ሳቅ ነው ቢባል ሐሜት አይሆንም።

ታዲያ የትልቁ ስብሰባ ክፍል ፕሮጀክተር ዓይኑ ደክሞ ደክሞ አንድ ቀን ጭልም አለ። ሥራ አስኪያጁ ኮፒን አስጠራው።

«ፕሮጀክተር በቃን። ስማርት ቲቪ ምረጥ። ከቅርንጫፎቹ ጋር በቪዲዮ የምንሰበሰብበት፣ ስልክም ኮምፒውተርም ያለ ገመድ የሚቀበል። እንግዳ ሲገባ ደግሞ አፉን የሚያስይዝ ይሁን።»

ኮፒ ከዚያ ክፍል ሲወጣ ቁመቱ ጨምሮ ነበር። ሁልጊዜ የተሰበረ ጠግን የሚባል ሰው አዲስ ነገር ምረጥ ሲባል እንዲህ ያደርገዋል።

ሱቁ ውስጥ ሁለት ቴሌቪዥኖች ጎን ለጎን በርተው ጠበቁት። መጠናቸው እኩል፣ ችሎታቸው እኩል። የአንዱ ስክሪን እንደ ተወለወለ ጫማ ያብረቀርቃል። የሌላው ላዩ ደብዘዝ ያለ ነው፤ አቧራ የጠጣ ይመስላል። ሻጩ ወሬ የሚወድ ቦርጫም ሰውዬ ነው።

«ክፍላችሁ ብርሃን ይበዛዋል?» አለው።

«በሁለቱም ጎን መስኮት ነው። ቀን አምፖል አብርተን አናውቅም።»

«እንግዲያው ደብዛዛውን ውሰድ። ያኛው ሲበራ ሙሽራ ነው፤ ሲጠፋ ግን መስታወት ነው የሚሆንብህ። ራሳችሁን ስታዩ ልትውሉ ነው።»

«የኛን ሰዎች መልክ ስላላየህ ነው። ቢያዩት ይጠቅማቸዋል።»

ሻጩ ቦርጡ እስኪነቃነቅ ሳቀ። ሰው ከሳቀለት ኮፒ ክርክሩን የረታ ይመስለዋል። የሚያብረቀርቀውን አስጫነና ሄደ።

እዚህ ላይ እታለምን ማወቅ ያስፈልጋል። የመዝገብ ቤቱ ኃላፊ ናቸው፤ ጡረታ ሊወጡ ጥቂት የቀራቸው፣ መሥሪያ ቤቱ በሙሉ እንደ ታላቅ እህት «እታለም» የሚላቸው። ኮፒ አዲስ ገብ ሳለ የያኔው አለቃ በለፍላፊነቱ ሊያባርረው ሲነሳ፣ «አፉን አይዩ፤ እጁ ሥራ ያውቃል» ብለው ያስቀሩት እሳቸው ናቸው።

ከጥቂት ወራት በፊት እታለምን የፊት ነርቭ ሕመም ያዛቸው። ዳኑ፤ ግን የከንፈራቸው አንድ ጫፍ ወደ ታች ወርዶ ቀረ፣ አንዳንድ ቃልም አፋቸው ላይ ያዳልጣቸዋል። ተኝተው ሳሉ ኮፒ ከሚስቱ ጋር ሄዶ ጠይቋቸዋል። ሐኪሙን እየቀዳ ሲያስቃቸው፣ «ተው ልጄ፣ ሳቅ ያመኛል» እያሉ ጉንጫቸውን በመዳፋቸው ደግፈው ነበር። ወደ ሥራ ሲመለሱ ሁሉም «ምንም አያስታውቅም» አላቸው። እሳቸው ግን በስብሰባ መናገር ተዉ፤ ከሻርፓቸውም ጋር የማይለያዩ ሆኑ።

የኮፒ ነገር ደግሞ፣ በሽተኛ ለመጠየቅ ቢሄድም ዓይኑ ሥራ አይፈታም። እታለምን ቀዳቸው። በሾፌሮች ክፍል መጀመሪያ ለሁለት ሰው፣ ቀጥሎ ለክፍሉ ሁሉ አሳየ። ሾፌሮቹ «ተው አንተ፣ ነውር ነው» እያሉ ሳቁ። «ነውር ነው» እያለ የሚስቅ ሰው እንዲደገምለት የፈለገ ሰው ነው፤ ኮፒም ደገመው። የሒሳብ ሹሙም ወሬው ደርሶት፣ «እኔስ ምን በደልኩህ?» ብሎ ለብቻው አስደርጓል።

ቲቪው ግድግዳ ላይ የወጣ ዕለት የየክፍሉ ኃላፊ ሁሉ ሊያየው ተሰበሰበ። ኮፒ ከስልኩ ላይ ፎቶ ወረወረበት፣ የቅርንጫፉን ሰው በቪዲዮ አስገኘበት፣ ሪሞቱን እንደ ዘውድ ይዞ ተንጎራደደ። ሥራ አስኪያጁ ራሱን እየነቀነቀ ፈገግ አለ። ትንሽ ቆይቶ ስክሪኑ ላይ ጽሑፍ መጣ።

«ራሱን ሊያድስ ነው፤ ጠፍቶ ይበራል» አለ ኮፒና ወደ ኋላ ሄዶ ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ። ስክሪኑ ጠቆረ።

በዚያች ዝምታ እታለም እጃቸውን አወጡ። ከታመሙ ወዲህ የመጀመሪያቸው ነው።

«እኔ ማወቅ የፈለግኩት» አሉ፣ ቀስ ብለው፣ እያንዳንዱን ቃል እንደ ሞላ ብርጭቆ እየያዙ፣ «እኛ ከዚህ ስንናገር፣ የቅርንጫፍ ሰዎች የግድ ፊታችንን ማየት አለባቸው ወይስ ድምፃችንን ብቻ...»

ኮፒ ከጀርባቸው ነው የቆመው። ከቲቪው ሥር ደግሞ ፊቱን ወደ ኮፒ አዙሮ የተቀመጠው የሒሳብ ሹሙ ነው። ዓይን ለዓይን ተገጣጠሙ። ኮፒ አላሰበበትም፤ ልማድ ሐሳብ አይጠይቅም። የከንፈሩን ጫፍ ጣለና ከእታለም ቃል ጋር አፉን እኩል አንቀሳቀሰ። የሒሳብ ሹሙ አፍንጫውን ይዞ አቀረቀረ።

ከዚያ ኮፒ ቀና ሲል ጥቁሩን ስክሪን አየ። ክፍሉ ሳይቀነስ ሳይጨመር እዚያ ላይ ነበር። ጠረጴዛው፣ የውሃ ጠርሙሶቹ፣ የሥራ አስኪያጁ መላጣ፣ የእታለም ፊት፤ ከእታለም ራስ በላይ ደግሞ ከንፈሩ የወረደ የሱ የራሱ ፊት። የእታለም ዓይን እዚያ ፊት ላይ አርፏል። የሌላውም ሰው ሁሉ።

እታለም ዓረፍተ ነገሩን መሀል ላይ ተዉት። ቲቪው በርቶ በትልልቅ ደማቅ ፊደል «እንኳን ደህና መጡ» አለ።

«ይቀጥሉ እታለም» አለ ሥራ አስኪያጁ፣ ጠረጴዛውን እያየ።

«ጥያቄዬ ተመልሷል» አሉና ሻርፓቸውን ወደ አፋቸው ሳቡ።

ማንም ኮፒን አልተቆጣውም። ቢሰድቡት እዳው ቀለል ባለለት ነበር። ይልቅ ቲቪውን አመሰገኑለት። እንግዳ በመጣ ቁጥር «ማነው እንዲህ ያለ ዓይን ያለው?» ይባላል፤ ሥራ አስኪያጁም በጣቱ ወደሱ ያመለክታል። ያን ጊዜ ኮፒ ጆሮው እስኪግል ያፍርና ሽንት ቤት ቧንቧ ልይ ብሎ ይወጣል። በመዝገብ ቤቱ በር ማለፍ ትቶ በጓሮው ደረጃ መዞር ጀመረ። የእታለም አምፖል ሲቃጠል ኤሌክትሪክ ሠራተኛውን ላከ። ሾፌሮቹ «በል የአለቃን ሳል አስነሳልን» ሲሉት ጉሮሮውን ጠርጎ የራሱን ሳል ሳለ። ፊቱን ማጣመም ቀርቶ ፈገግ ማለት ራሱ የሰው ዕቃ እንደመስረቅ ሆነበት።

በመጨረሻ መላ መጣለት። ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ገብቶ ቲቪው እንደሚያንጸባርቅ፣ ሱቁ በደብዛዛው ሊለውጥለት እንደተስማማ ነገረው። ሥራ አስኪያጁ ዓይኑን ከኮምፒውተሩ ሳያነሳ «ይለወጥ» አለ። ኮፒ እፎይ አለ፤ እፎይታው ግን ከደረጃው አልወረደም።

ማታ ቤቱ ሚስቱ ራት አቅርባ ስታየው ቆየች።

«ሰሞኑን ማንንም አልቀዳህ። ማን ሞተብን?»

ነገራት። ሳትቆጣ ሳታቋርጥ ሰማችው፤ ሲጨርስ ማንኪያዋን አስቀመጠች።

«እና መፍትሔው ቲቪ መለወጥ ሆነ?»

«ያንጸባርቃላ።»

«ሂድና ንገራቸው። ይዤሽ ልሂድ እንዳትለኝ ደግሞ። አልጋቸው ሥር ተቀምጠን ሻይ የጠጣን ሰዎች ነን፤ በምን ዓይኔ ነው የማያቸው?»

በማግስቱ ኮፒ የመዝገብ ቤቱን በር አንኳኳ። እታለም ከመደርደሪያው ሥር ፋይል እያስተካከሉ ነበር፤ ዞር ብለውም አላዩት።

«አምፖሉ ተሠርቷል» አሉት።

«ለአምፖሉ አይደለም የመጣሁት። ለዚያ ቀን ነው።»

«ለየትኛው ቀን?»

ሊያግዙት እንዳልፈለጉ ገባው። «ስክሪኑ ላይ ያዩኝ ቀን። እርስዎን... ሲያወሩ እንደ እርስዎ ያደረግኩ ቀን።»

እታለም ፋይሉን ቦታው ላይ አስገቡና ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ። ሻርፑን ከአፋቸው አወረዱት።

«ቲቪውን ልታስለውጥ ነው ሲሉ ሰማሁ።»

«አዎ፣ ያንጸባርቃል።»

«ቲቪው ምን አደረገ?»

ኮፒ በሩን ከኋላው ገጠም አደረገው።

«በል አድርገው» አሉት።

«ምኑን?»

«እኔን። እዚህ፣ ፊት ለፊት። ሰው ሁሉ ምንም አያስታውቅም ይለኛል። እውነቱን የያዝከው አንተ ብቻ ነህ፤ አሳየኛ።»

«እታለም፣ በሞቴ ይተዉኝ።»

«ለሌላው ስታደርግ ማንም አልለመነህም ነበር።»

ከንፈሩን ለመጣል ሞከረ። ያ እንደ ጎማ የሚታዘዘው ፊቱ እንጨት ሆነበት። እንደምንም ጫፉ ወረደ። እታለም ልብስ ሰፊ ልኬት እንደሚያይ አተኩረው አዩት።

«ጎኑን ተሳስተሃል» አሉ። «የኔ የታመመው ግራው ነው። አንተ ቀኝህን ነው የምትጥለው። ያን ቀንም ስክሪኑ ላይ ሁለታችን ነበርን፤ የኔ በዚህ ወርዶ፣ ያንተ በዚያ።» ጣታቸውን ወደ ከንፈሩ ቀሰሩ። «ደግሞ ይህን ያህል ይወርዳል?»

«አይወርድም። ለማሳቅ ብዬ አጋንኜው ነው።»

«ስንት ጊዜ አደረግከው?»

አንድ ጊዜ ብቻ ነው ሊል አፉን ከፈተ። «ብዙ ጊዜ» አለ።

«ሳቁ?»

«ሳቁ።»

«ማን ማን?»

የሒሳብ ሹሙ ስም ምላሱ ጫፍ ላይ ደረሰ። ሾፌሮቹም ተከታትለው መጡ። ብዙ ሆኖ ማፈር እንዴት እንደሚቀል ያን ጊዜ ታየው። «ያሳቅኳቸው እኔ ነኝ» አለ። «ይቅር ይበሉኝ።»

እታለም መነጽራቸውን አውልቀው በሻርፑ ጫፍ ጠረጉ።

«ታምሜ ስታስቀኝ ሐኪሙ እኔን ሲያይ ምን ይሆን የሚያስበው ብዬ ሳስብ ነበር» አሉ። «ያንተን ግን አላሰብኩም። አንተ ሰው መስለኸኝ ነበር።» መነጽሩን መልሰው አደረጉ። «አሁን ሂድ። ሥራ አለኝ።»

ይቅር ብዬሃለሁ አላሉም። እሱም በሩን ሲዘጋ እጀታውን ቀስ ብሎ ለቀቀው፤ እንዳይጮህ።

ኮሪደሩ ላይ ትንሽ ቆመ። ከዚያ ስልኩን አውጥቶ ወደ ሱቁ ደወለ።

«ቲቪው ይቅር፣ አይለወጥም።»

«ምነው?» አለ ሻጩ፣ ገና ለመሳቅ እየተዘጋጀ። «ነጸብራቁን ለመዳችሁት እንዴ?»

«አልለመድኩትም» አለ ኮፒ። «ግን እዚያው ይሁን።»