ለእርሳስ አረር የሚመጠን ባሩድ

ልጅ ሳለሁ፣ እንግሊዝ አገር ኤድመንተን አራተኛ ፎቅ ላይ እንኖር በነበረበት ዘመን፣ ተረት የሚነግሩኝ ጋሼ ታምሩ ነበሩ፤ በነፃ ግን አልነበረም። ጋሼ የእናቴ የአክስት ልጅ ናቸው፤ ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ በኋላ ከአገር ወጥተው፣ የእኛን ትንሿን ክፍል ይዘው ይኖሩ ነበር። ፓርክ ሮያል፣ ሳንድዊች ፋብሪካ ቀዝቃዛው ክፍል ውስጥ ቆመው ይውሉና በሁለት አውቶቡስ ተንገላተው ማምሻውን ይገባሉ። የዜግነት ፈተናውን አንዴ ወድቀዋል። ካላለፉ ፓስፖርት የለም፤ ፓስፖርት ከሌለ ደግሞ ዓይናቸው እየደከመ የሄደውን አባታቸውን ሳያዩ ሊቀሩ ነው። ስለዚህ የአሥራ አንድ ዓመቷ እኔ አስተማሪ ሆንኩ። ከፈተናው መጽሐፍ አሥር ገጽ ካጠኑ አንድ ተረት፤ ውላችን ይኸው ነበር።

ሳሎናችን ውስጥ ሁለት ዘንግ ያላት የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ነበረች፤ ስትበራ መጀመሪያ የተቃጠለ አቧራ ትሸታለች፣ ቆይታ እንደ ፍም ትቀላለች። ጋሼ እግራቸውን ወደ እሷ ዘርግተው፣ ስንት ጊዜ ቢታጠቡም የሽንኩርት ሽታ የማይለቃቸውን ጣቶች እያፍተለተሉ ይጀምራሉ፤ እኔ ያኔ የጠረጴዛዋን መብራት ወደ ግድግዳው አዞራለሁ።

ደጋግሜ የማስነግራቸው የአሮጌውን ምንሽር ተረት ነበር። አንድ ሰው ነበር አሉ፤ ከርከሮ በቆሎውን ይጨርስበታል፣ ጥይት ደግሞ ከገበያ ጠፍቷል። ሰውየው ባዶ ቀለህ ሰብስቦ፣ እርሳስ አቅልጦ፣ አረሩን ራሱ ያፈሳል። ችግሩ ባሩዱ ላይ ነው። ጠመንጃው የተሠራው መዳብ ለለበሰ ጥይት ነው፤ እርሳስ ግን ለስላሳ ነው። ባሩዱ ሲበዛ አረሩ አፈሙዙ ውስጥ ያሉትን ጠመዝማዛ ቦዮች መያዝ ያቅተውና ተፍቆ፣ እርሳሱን እዚያው ለስኖ ያልፋል። ባሩዱ ሲያንስ ደግሞ መሃል ላይ ተሰንቅሮ ይቀራል። ስለዚህ ሰውየው በቀንድ መለኪያ ትንሽ ይጨምራል፣ ኖራ የተቀባ ሳንቃ ላይ ሦስት ጊዜ ይተኩሳል፣ አፈሙዙን ወደ ፀሐይ አቅንቶ ውስጡን ያያል፣ ከዚያ ቁንጥር ይጨምራል። ሦስቱ ቀዳዳዎች ሲቀራረቡ መለኪያው ላይ በሚስማር ጫረ።

«ልጁ ግን ቸኮለ» ይላሉ ጋሼ። አባቱ በሌለበት መለኪያውን እስከ አፉ ሞላው። ከርከሮው ዞር ብሎም አላየው፤ አፈሙዙ ግን በእርሳስ ተለሰነ። አባትየው አልመታውም። «ባሩዱን ምን ያህል ትችላለህ አትበለው፤ እርሳሱን ጠይቀው» ብሎት ብቻ ገባ።

እኔ ይህን ሁሉ ክፍል ውስጥ ለጓደኞቼ በሥዕል ሳይቀር አስረድቻለሁ። ገብቶኝ ነበር፤ ወይም እንደገባኝ አስብ ነበር።

ሁለተኛው ፈተና ሦስት ሳምንት ሲቀረው ገጹን ሃያ አደረግሁት። እናቴ ከኩሽና «ተያቸው እስኪ፣ ራት እንኳ ሳይበሉ» ብትልም አልሰማኋትም።

«ጋሼ፣ ሪቫይዝ አላደረጉም ማለት ነው። ትናንት ነግሬዎት ነበር እኮ፤ ስንት ሚስት ነበረው መጽሐፉ ላይ ያለው ንጉሥ?»

«አንዷም ከበዛችበት አንድ፣ ፕሮፌሰር።»

«ቀልድ አይደለም። ሊወድቁ ነው።»

ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር። ጋሼ መነጽራቸውን አወለቁና ዓይናቸውን አሹ፤ የዓይናቸው ጠርዝ ከፋብሪካው ብርድ ቀልቶ ነበር።

«ያ ልጅ ማን ይመስልሻል?»

«የቱ ልጅ?»

«መለኪያውን የሞላው።»

ቀና ብዬ አየኋቸው።

«እኔ ነኝ። ሰውየው አባቴ ነው።» ቀስ ብለው መጽሐፉን ከጉልበታቸው አነሱና ወንበሩ ላይ አስቀመጡት። «ዛሬ ደግሞ እርሳሱ ነኝ፣ ልጄ።»

ራታቸውን በልተው ተኙ። እኔ ቀይዋን ማሞቂያ አፍጥጬ እያየሁ ቀረሁ። ያኔ ያፈርኩትን ያህል ከዚያ በኋላ ብዙም አላፈርኩም።

በማግስቱ አምስት ጥያቄ ብቻ አመጣሁ፣ ያውም ከራት በኋላ። በሦስተኛው ቀን፣ አዲስ ከመጨመሬ በፊት፣ የትናንቱን ቼክ አደረግሁ፤ አእምሯቸው ውስጥ የቀረው ሲበዛ አንድ ጥያቄ እጨምራለሁ፣ ሲያንስ እዚያው እቆያለሁ። መጽሐፉን አልጨረስነውም። ፈተናው ቀን ሄዱ፤ ማታ ሲመለሱ በር ላይ ቆመው «ሳንቃውን መታሁት» አሉ።

ፓስፖርቱ ደርሶ አገር ቤት ሄደው ሲመለሱ ያቺን የቀንድ መለኪያ ይዘውልኝ መጡ። አባታቸው ፈጽሞ ማየት አቁመው ነበር አሉ፤ መለኪያዋን በጋሼ መዳፍ ላይ አኑረው «እስኪ፣ የት ድረስ ነው?» ብለው ጠየቋቸው። ጋሼም ጥፍራቸውን ጭረቱ ላይ አሳረፉ፤ ሽማግሌው በጣታቸው ዳብሰው አረጋገጡና «በል እንግዲህ፣ ገብቶሃል» አሏቸው።

አሁን እኔም ቀን መጋዘን እየዋልኩ ማታ ማታ ብቻዬን እማራለሁ። ከተረቱ የቀረኝ የከርከሮው ነገር አይደለም፣ የባሩዱ ሳይንስም አይደለም። ዓይኔ ፊደል መያዝ ሲያቅተው መለኪያዋን አነሳለሁ፤ ጭረቱ ከአፏ ብዙ ዝቅ ያለ ነው፣ ሁልጊዜ ከማስታውሰው በላይ ዝቅ ያለ። መጽሐፉን እዘጋና ማሞቂያውን አጠፋለሁ።