ትንቢቱን በአማርኛ ያሰማሁበት ቀን

የአስተርጓሚነት ሥራ የጀመርኩት ውጭ አገር፣ ሪጀንት ፓርክ በሚባል ሰፈር አጠገብ ባለ አንድ ክሊኒክ ነው። የመጀመሪያዋ ታካሚ ሆዳቸውን የሚያቃጥላቸው አንዲት እናት ነበሩ። እሳቸው «እዚህ ጋ ያቃጥለኛል» አሉ። እኔ ለሐኪሙ በእንግሊዝኛ «እዚህ ጋ ያቃጥለኛል ይላሉ» አልኩት። ጥሩ የሠራሁ መስሎኝ ነበር።

አለቃዬ ሎሬይን የመጀመሪያ ቀኔ ስለሆነ ከኋላ ተቀምጣ ስትከታተለኝ ቆይታለች። ስንወጣ ኮሪደሩ ላይ አስቆመችኝ። «‹ይላሉ› የሚባል ነገር የለም» አለችኝ። «ሴትየዋ ‹እኔ› ሲሉ አንቺም ‹እኔ› ትያለሽ። አትጨምሪም፣ አትቀንሺም፣ አታሳምሪም። ከተሳሳትሽ እዚያው፣ ሁሉም እየሰማ፣ ‹አስተርጓሚዋ ታርማለች› ብለሽ ታስተካክያለሽ።»

እኔም አንድ ነገር ጠየቅኋት። እንግሊዝኛው «ዩ» ብሎ ሲያልፍ አማርኛው አንተ፣ አንቺ ወይም እርስዎ ማለት ይፈልጋል፤ ታዲያ ያ መጨመር አይደለም ወይ አልኳት። «ሰው ሳታዋርጂ መናገር የምትችዪበትን ምረጪ» አለችኝ። «ከዚያ ውጭ ግን ምንም።»

ከዚያ በኋላ ከሃያ ዓመት በላይ ሠራሁ። ሆስፒታል፣ የወላጆች ስብሰባ፣ የስደተኞች ጉዳይ ችሎት፣ የአከራይና ተከራይ ክርክር። ቦርሳዬ ውስጥ መሐሉ ላይ መስመር የተሰመረበት ደብተር፣ ሁለት እስክሪብቶና አንድ ጠርሙስ ውኃ አይጠፋም። ሰው ሲናገር ሁሉን ቃል አልጽፍም፤ ሐሳቡን በምልክት እይዘዋለሁ። በሙሉ የሚጻፈው ቁጥርና ስም ብቻ ነው፤ ቁጥርና ስም ከራስ ይጠፋል።

አንድ ቀን ሎሬይን ኮል አደረገችልኝ። ዳንፎርዝ መንገድ ላይ በተከራዩት አዳራሽ የአንድ ቀን ጉባኤ አለ፤ ከሌላ ከተማ የሚመጣ ሰባኪ ስለ ኢየሩሳሌም ትንቢት ያስተምራል፤ አማርኛና ዓረብኛ ይፈልጋሉ አለችኝ። የትምህርቱን ጽሑፍ አስቀድመው እንዲልኩልኝ ጠየቅሁ። የመጣልኝ አንድ ገጽ ነው። የጥቅስ ቁጥር ብቻ ተደርድሮበታል።

የጉባኤው አስተባባሪ ሐበሻ ነበር፤ ሰው አክባሪና ቸኳይ። ደውዬ ከየትኛው የአማርኛ ትርጉም ላንብብ አልኩት፤ የድሮውና አዲሱ አንዳንድ ቦታ አይገጥሙም። «ሕዝቡ ከለመደው» አለኝ። ሁለት ምሽት ቁጭ ብዬ ጥቅሶቹን ፈለግሁ፣ በየገጹ ቢጫ ወረቀት ለጠፍኩ። የተባልኩትን ቁጥር ብቻ ነበር ያነበብኩት፤ ከላይና ከታች ያለውን አላየሁም።

የአስተርጓሚነት ስልጠና በወሰድን ጊዜ እንደተማርነው ለአንድ ቋንቋ ሁለት ሰው ነበር የሚያስፈልገው፤ አንዱ ሲናገር ሌላው እንዲያርፍ። እዚያ ግን ለየቋንቋው አንድ አንድ ሰው ብቻ ነው የቀጠሩት። ከአዳራሹ ኋላ ሁለት ጠረጴዛ ሰጡን፣ በመሐላችን ካርቶን አቆሙ። በእኔ ማይክ የምናገረውን አማርኛ ሰሚዎች በጆሮ ማዳመጫ ይሰማሉ። ከካርቶኑ ወዲያ ኢሊያስ ነበር። ችሎት ስንመላለስ የተዋወቅነው፣ ኢየሩሳሌም የተወለደ ክርስቲያን ዓረብ ነው።

ሰባኪው ረጋ ያለ፣ ቃሉን የሚቆጥብ ሽማግሌ ሆኖ አገኘሁት። እንዲህ ያለ ተናጋሪ ለአስተርጓሚ ይመቻል። ጠዋቱን የተበተኑት እንደሚሰበሰቡ ነቢያት የተናገሩትን እያነበበ አስረዳ። ከዚያ ስክሪኑ ላይ የኢየሩሳሌምን ካርታ አወጣና «ይህች ከተማ የማን ናት ብላችሁ ለምትጠይቁ፣ የአይሁድ የባለቤትነት ሰነድ በነቢያቱ ውስጥ ነው» አለ።

እኔ በጥድፊያ «የአይሁድ ካርታ በነቢያቱ ውስጥ ነው» አልኩ። አገራችን የቤት ባለቤትነት ወረቀት ካርታ ስለሚባል ቃሉ ስህተት አልነበረም። ግን ሰሚዎቹ ፊት ሌላ ካርታ ተሰቅሏል። ከፊቴ የተቀመጠች ሴት ወደ ጎረቤቷ ዞራ «የትኛውን ካርታ ነው የምትለው?» ስትል ሰማኋት። «አስተርጓሚዋ ታርማለች፤ የይዞታ ማረጋገጫ ለማለት ነው» ብዬ ቀጠልኩ።

ምሳ ላይ ኢሊያስን ያቺን ዓረፍተ ነገር እንዴት እንዳለፋት ጠየቅሁት።

«እንዳላት አልኳት» አለኝ።

«አልከበደህም?»

«የአባቴም ቤት ሰነድ ነበረው። የመንግሥት ማኅተም ያለበት።» ሳንድዊቹን ገልጦ ውስጡን አየና መልሶ ከደነው። «ማይኩ ሲበራ ግን የምናገረው እኔ አይደለሁም። ሲጠፋ እኔ ነኝ። አሁን ጠፍቷል፣ ስለዚህ ልብላ።»

ከሰዓት በኋላ ሰባኪው ከደቂቀ ነቢያት አንዱን ገለጠ። ቢጫ ወረቀቴ እዚያ ነበር። የመጨረሻው መከራ ሲመጣ በምድሪቱ ካሉት ሁለቱ ክፍል ተቆርጠው እንደሚሞቱ፣ ሦስተኛው ክፍል ብቻ እንደሚቀር ይናገራል። ድምፄን ሳልለውጥ አነበብኩት። ሰባኪውም ቀደም ሲል በተናገረበት በዚያው ድምፅ ገለጸው። አይሁድ ወደ ከተማቸው መመለሳቸው የትንቢቱ አንድ እርከን ነው፣ ይህ ደግሞ የሚቀጥለው ነው አለ። አንዳንዶች አሜን አሉ።

የጥያቄ ሰዓት ደረሰ። ሦስተኛው መደዳ ላይ አንድ ሽማግሌ ከዘራቸውን ይዘው ተነሡ። አቶ ፈንታሁን ይባላሉ፤ ወንድ ልጃቸው ከአገር ቤት አምጥቷቸው ሴንት ጄምስ ታውን ሰፈር የሚኖሩ የጎንደር ሰው ናቸው። ማይክ ተሰጣቸው። እኔም ለሁሉም እንዲሰማ ወደ ፊት ወጥቼ አጠገባቸው ቆምኩ።

«ባለቤቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ቤተ እስራኤል ነበረች» አሉ። «ልጃችን አስቴር ከእናቷ ወገን ጋር ሄዳ ኢየሩሳሌም ትኖራለች። ሦስት ልጆች አሏት። እርስዎ መመለሳቸው ትንቢት ነው አሉ፣ እሺ። አሁን ደግሞ ሁለት ክፍል ይሞታል፣ አንዱ ይቀራል ብለው አነበቡ። እኔ የልጅ ልጆቼ ሦስት ናቸው። የትኞቹ ሁለቱ ናቸው?»

ደብተሬ ላይ «3» ብዬ ጽፌ ነበር። ቃል በቃል በእንግሊዝኛ አልኩት። እሳቸው «የልጅ ልጆቼ» ሲሉ እኔም «የልጅ ልጆቼ» ነበር ማለት የነበረብኝ፣ እንደዚያው አልኩ። ካርቶኑ ጋ ኢሊያስ ወደ ዓረብኛ ሲያዞረው ይሰማል።

ሰባኪው ወደ ሽማግሌው ዞረ። ከዚያ እንዲህ አለ፦ «ጌታ የእርሱ የሆኑትን ያውቃል። የተጻፈው ግን ስለምንወዳቸው ሰዎች ብለን የምንለውጠው አይደለም። የእርስዎ ልጆች ከሦስተኛው ክፍል እንዲሆኑ ይጸልዩ።»

ሽማግሌውን አየኋቸው። አገጫቸውን ቀና አድርገው እኔን እየጠበቁ ነው። «እግዚአብሔር የእርሱ የሆኑትን ያውቃል» አልኩ፤ «ልጆችዎንም ይጠብቅልዎታል፣ ከሚቀሩት ወገን ናቸው፣ ይጸልዩላቸው።» ከአፌ ሲወጣ ታወቀኝ። በዚያ ሁሉ ዓመት እንዲህ አድርጌ አላውቅም ነበር።

አቶ ፈንታሁን ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ፤ ማይኩ ግን እጃቸው ላይ ነበር። «ልጄ፣ እሱ እንዲህ አላለም። መናገሩ ያቅተኛል እንጂ እንግሊዝኛ እሰማለሁ።»

«አስተርጓሚዋ ታርማለች» አልኩና የተባለውን አንድም ቃል ሳልነሣ ደገምኩት። የማይለወጥ ነው ያለውንም፣ ይጸልዩ ያለውንም። አዳራሹ ውስጥ ያሉት ሐበሾች ዞረው አዩኝ። ሰባኪው ምን እንደተፈጠረ ጠየቀ። ያንንም መንገር የእኔ ሥራ ስለሆነ «አስተርጓሚዋ መልስዎን አለስልሳ ነበር፤ ጠያቂው ነገሯት፤ አርማለች» አልኩት።

መነጽሩን አውልቆ ጠረጴዛው ላይ አኖረው። «ይህን ምዕራፍ ለብዙ ዓመታት አስተምሬዋለሁ» አለ። «እዚያ የልጅ ልጅ ያለው ሰው ጠይቆኝ አያውቅም። የትኞቹ እንደሆኑ አላውቅም፣ ጌታዬ። ቅድም ላነሡት ጥያቄ መልስ አልሰጠሁም።» እኔም እንዳለው አልኩት። አቶ ፈንታሁን «አመሰግናለሁ» ብለው ተቀመጡ።

አስተባባሪው ቶሎ መዝሙር አስጀመረ። በኋላ በር ላይ ያዘኝ። «የመጀመሪያው እኮ ቆንጆ ነበር» አለኝ። «ሽማግሌውን አጽናንተሽ ነበር። ምን አስለወጠሽ?» ሰባኪው እንዲያ ስላላለ ነው አልኩት። ሌላ ጊዜ ሌላ ሰው እንደሚፈልጉ ነገረኝ፤ ለቀጠረኝ የአስተርጓሚዎች ድርጅትም የክስ ደብዳቤ ጻፈ።

ሎሬይን ቢሮዋ ጠራችኝ። ደብዳቤው ፊቷ ተቀምጦ ነበር። እሱ የከሰሰኝ በማረሜ ነው፤ እሷ ግን ያፈጠጠችው ሌላው ላይ ነበር። «ማረምሽ ለአንቺ ይመሰክራል» አለችኝ። «ማለስለስሽ ፋይልሽ ውስጥ ይገባል።» እንደ ጀማሪ ከኋላዬ ተቆጣጣሪ እየተቀመጠ ጥቂት ወራት ሠራሁ። አፍሬ ነበር፤ ግን ተገቢ ነበር።

ያቺ ጥቅስ ግን አልለቀቀችኝም። አንድ ቀን ችሎት ስንጠብቅ የዕብራይስጥ አስተርጓሚዋን ሚርያምን አገኘኋት፤ እዚያው ኢየሩሳሌም ያደገች፣ በእኔ ዕድሜ ያለች ሴት ናት። ነገሩን ነገርኳትና ቃሉ በዕብራይስጥ ምን እንደሚል ጠየቅኋት። ስልኳ ላይ አወጣችው።

«ፒ ሽናይም» አለች። «ቃል በቃል ሲፈታ ‹የሁለት አፍ› ነው። ሁለት ድርሻ ማለት ነው። የበኩር ልጅ ከአባቱ የሚወርሰው እጥፍ ድርሻም በዚሁ ቃል ነው የተጻፈው።»

«ታዲያ ደህና ቃል ነው ማለት ነው?»

«ከኋላው ያለው ግስ ‹ይቆረጣሉ› ነው። ደህና አያደርገውም። እናንተ ‹ምድሪቱ› ያላችሁትስ በአማርኛ ምን ማለት ነው? አገሪቱ ነው ወይስ ዓለም?»

«ሁለቱንም ሊሆን ይችላል።»

«የእኛም እንደዚያው ነው። ሊቃውንቶቻችን ሲከራከሩበት ኖረዋል፤ አልፏል የሚል አለ፣ ገና ነው የሚል አለ።»

አፍ አውጥቼ ጠየቅኋት። ለአንቺስ ከተማዋ የእናንተ ናት ወይ አልኳት። ስልኳን ዘጋች። «ናት» አለች። «እናቴ ስትጸልይ ፊቷን ወደዚያ ታዞር ነበር፤ እናቷም እንደዚያው። ለእኔ ይበቃኛል። ከሦስቱ ሁለት እጃችን ያልቃል እያለ ከተማዋ የእናንተ ናት የሚለኝን ሰው ግን ምስክር አድርጌ አልጠራውም።»

«ኢሊያስስ?»

«ኢሊያስ ሌላ ይላል። አብረን ሻይ እንጠጣለን፣ በዚህ አንስማማም። እሱን እራሱን ጠይቂው እንጂ በእኔ አፍ አትስሚው።» ስማችን ተጠራና ወደየክፍላችን ገባን።

አቶ ፈንታሁንን እንደገና ያገኘኋቸው ከወራት በኋላ ዳንፎርዝ ሸቀጥ ስገዛ ነው። በርበሬ እያሸተቱ ነበር። ሰላምታ ሰጥቼ ይቅርታ ጠየቅኋቸው።

«አዝነሽልኝ ነው» አሉ። «ገብቶኛል። እኔ ግን የፈለግሁት መልሱን ነበር። ማዘኑንማ ጎረቤቶቼም ያዝኑልኛል።»

ሚርያም ያለችኝን ነገርኳቸው። የዕብራይስጡን ቃል ሁለት ጊዜ አስደገሙኝ። ከዚያ የእሳቸውን ነገሩኝ። በጉባኤው ማግስት ለአስቴር ደውለው ነበር። ለትንቢቱ ብለሽ ነው ወይ እዚያ የምትኖሪው ብለው ጠይቀዋታል። «‹እማዬ ሰንበት ሲገባ ወደዚህ ዞራ ስትጸልይ እያየሁ አደግሁ፤ አሁን ደግሞ ሥራዬም ልጆቼም እዚህ ናቸው› አለችኝ። ሌላ የምትለው የላትም።»

«ፈሩ?»

«ፈራሁ እንጂ። አሁንም እፈራለሁ። ትልቁ የልጅ ልጄ ግን ዕብራይስጥ ያነባል፤ በስልክ አብረን አነበብነው። እሱ በዕብራይስጥ አንድ ቁጥር፣ እኔ በአማርኛ አንድ ቁጥር፣ እናቱ በመሐል እየተረጎመችልን። ስብሰባው ላይ ያልተነበበ አንድ ቁጥር ከታች ነበረ፤ የቀሩት በእሳት እንደ ብር ይነጥራሉ፣ ስሙን ይጠራሉ፣ እሱም ይመልስላቸዋል ይላል። ልጁ እሱን አንብቦ ምን አለ መሰለሽ? ‹አያቴ፣ እዚህ የሰው ስም ዝርዝር የለም።›»

በርበሬያቸውን መርጠው ወደ ባቡሩ ሄዱ።

ከዚያ በኋላ እንዲህ ያለ ሥራ ሲመጣልኝ የጥቅሱን ቁጥር ብቻ አልቀበልም ነበር፤ ምዕራፉን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነብ ነበር። አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ፤ ወደ ሥራው ለምትገቡት የምለው ይህንኑ ነው። ምዕራፉን ጨርሱት። የተባለውን እንደተባለ ንገሩ። ትንቢት ከምትነግሩት ሰው መካከል ትንቢቱ በሚጠቅሰው አገር ውስጥ ልጅ ያለው ይኖራል፤ ለእሱ የሚጠቅመው እውነተኛው መልስ ነው፣ መልሱ «አላውቅም» ቢሆንም።